የእህቴ ክንድና የወጌሻው ብረት

ባለፈው ሳምንት ከአብደራፊ የመጣ የሰሊጥ ጆንያ ስናራግፍ አንድ ድንጋይ ተንከባሎ እግሬ ሥር ቆመ። ሰሊጥ ውስጥ ድንጋይ ማግኘት ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሚዛኑን በድንጋይ ማክበድ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ አለ። ሠራተኛዬ መራገም ሲጀምር እኔ ድንጋዩን አንስቼ በመዳፌ አገላበጥኩት። ወንዝ ያለሰለሰው፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ በአንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ነበር። ክብደቱን ሳየው ትከሻዬ ሳላስበው ወደ ኋላ ሄደ፤ አፍንጫዬ ላይ የማሽላ ቅጠል ሽታ መጣ፤ ያ ጠዋት ጠዋት ጤዛ ሲነካው እንደ ሸንኮራ የሚሸተው።

«ይሄ ከባድ ነው» አልኩ።

ሠራተኛዬ ስለ ጆንያው የተናገርኩ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን የማወራው ስለ እህቴ ክንድ ነበር።

ጊዜው ጣሊያን መተማ ላይ ሰፍሮ የነበረበት ነው። እርሻችን ከከተማው ወጣ ብሎ ከጓንግ ወንዝ ዳር ነበር። ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት እግር ይዞ አይለቅም፣ በጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የጥጃ እግር ይሰብራል፤ በመሃል ባሉት ጥቂት ወራት ግን የዘራህበትን ሁሉ ያበቅላል። አባቴ ከነጠመንጃው አርማጭሆ ጫካ ገብቷል። ለጠየቀ ሁሉ እናቴ «ግመል ሊነዳ ሱዳን፣ ገላባት ተሻግሯል» ትላለች። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ስለማያምናት የግመሉን ቀለምና ጠባይ ሳይቀር አዘጋጅታ ነበር። ቤት የቀረነው እናቴ፣ በአንድ ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ፣ እና ጢሜ ሊወጣ ነው እየተባለ የከረምኩት እኔ ነን።

የዚያ ዓመት ማሽላ እንዴት ያለ ማሽላ ነበር መሰለህ። ሰው መካከሉ ገብቶ ሲሄድ የሚታየው ጫፍ ጫፉ ሲወዛወዝ ብቻ ነው። እናቴ ዛላውን በመዳፏ ከፍ አድርጋ እየመዘነች፣ ክፉ ዓይን እንዳያገኘው «ምን ይኼ ደካማ ነገር» ትለው ነበር። ዛላው ወተት እንደያዘ ግን ግሪሳ መጣ።

ግሪሳ የሚባለውን ወፍ አንዱን ብቻ ብታየው ያሳዝንሃል። የአውራ ጣት ያህል ነው፤ ቀይ አፉን ከፍቶ ሲያይህ ፍርፋሪ ልትሰጠው ትፈልጋለህ። ጣጣው ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ሲመጣ እንደ ጥቁር ጭስ ሆኖ፣ አንዴ እየሰፋ አንዴ እየጠበበ፣ እንደ ዝናብ እየተንሿሿ ነው የሚመጣው። ካረፈ ደግሞ ምሳ ሳይደርስ አገዳውን ራቁቱን አቁሞት ይሄዳል።

በደህናው ጊዜ ወፍ የሚባረረው በጅራፍ ነበር። ጥሩ ጅራፍ ሲጮህ እንደ ጠመንጃ ነው፤ የዚያን ጊዜ ክፋቱም ይኸው ሆነ። ጅራፍ በጮኸ ቁጥር ጣሊያኖቹ ጥይት የተተኮሰ እየመሰላቸው ባንዳ ይልካሉ። ባንዳ ከመጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ጠመንጃ ቢያጣ ዶሮ አያጣም። ዶሮዎቻችን ሊያልቁ ሲቃረቡ እናቴ ጅራፉን እሳት ውስጥ ጨመረችው። ድምፅ የሌለው መሣሪያ ወንጭፍ ብቻ ቀረ፤ በወንጭፍ ደግሞ እህቴን የሚያህል አልነበረም።

ከአራት እንጨት በተሠራው ማማ ላይ ትወጣለች። ወንጭፉን ራሷ ናት የገመደችው፤ አንዱን ጫፍ ጣቷ ላይ ታጠልቀዋለች፣ ሌላውን በአውራ ጣቷ ትይዘዋለች፣ ከራሷ በላይ አንዴ ሁለቴ ታዞረውና ትለቀዋለች። ድንጋዩ ሲያልፍ የሚያሰማው ፉጨት እስከ ዛሬ ይሰማኛል። መንገደኛ ቆሞ ያያት ነበር። እኔም ሞክሬያለሁ፤ የወነጨፍኩት ድንጋይ ወደ ኋላዬ ሄዶ የእናቴን የውሃ ቅል ሰበረ። ከዚያ በኋላ የኔ ሥራ ከወንዝ ድንጋይ መልቀምና መጮህ ሆነ።

ወፉ ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ ፀሐይ ሲበረታ ወንዝ ዳር ካለው ግራር ላይ ያርፋል፣ ወደ ማታ ተመልሶ ይመጣል። እህቴም ከእሱ ጋር ትነሳለች፣ ከእሱ ጋር ትተኛለች። እንዲህ እያልን ከርመን አንድ ጠዋት ቂጣ ቀርቦ ቁጭ ስንል በግራ እጇ ቆረሰች።

እናቴ አፏ ላይ ያደረሰችውን ጉርሻ አቆመችው። «ምነው አንቺ፣ ሰው ቢያይሽ ያላሳደጓት ናት ይበልሽ?»

እህቴ ቀኟን ልትዘረጋ ሞከረች። ክንዷ ከጡቷ ከፍ እንዳለ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፊቷም አመድ መሰለ። ለካ ራሷን መሥራት ካቃታት ሰንብቷል፤ ሹሩባዋን ሻሽ ሸፍኖላት ነበር እንጂ። ወንጭፉን ግን አልተወችም። ብትተወው ማን አለ?

እናቴ ወጌሻውን አስጠራች። በዚያ አካባቢ የተጣመመ የሚያቃና፣ የወለቀ የሚመልስ እሱ ብቻ ነው። ለአጥንት እጁ ወርቅ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። ለትከሻ ሕመም ግን የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው። በቆዳ ጠቅልሎ የሚይዘው፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ብረት ነበረው፤ እሱን ፍም አስመስሎ የሚያመው ቦታ ላይ ማሳረፍ ነው። የእህቴን ትከሻ በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ዳሰሰና ፍርዱን ሰጠ።

«ደም ቋጥሯል። በብረት ካልተፈታ ክንዷ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ይቀራል።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳበች። ግራ ትከሻዋ ላይ የብረት ጠባሳ እንዳላት የምናውቀው ወንዝ ወርዳ ስትታጠብ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ቆዳዋ እንደ ሰም ያበራል። ያንን ክንዷን ከጆሮዋ በላይ ከፍ አድርጋ አይተናት አናውቅም፤ እንስራ ስትሸከም እንኳ የምትይዘው በቀኟ ነበር።

ወጌሻው እጁን ሊታጠብ ወጣ ሲል እህቴ እጀ ጠባቤን ያዘችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ብረቱ እንዳይነካኝ።»

እኔ እንግዲህ ያን ጊዜም ከአፌ ሌላ ሀብት አልነበረኝም። ወጌሻውን ተከትዬ ወጣሁና ውሃ እያፈሰስኩለት ስለ ብረቱ ዝና፣ ስለ እጁ በረከት አወራሁት። ደስ አለው። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ አሁን ከተተኮሰች ቁስሉ እስኪደርቅ ትተኛለች፣ እሷ ከተኛች ወፉ ማሽላውን ይጨርሰዋል፣ ማሽላው ካለቀ ደግሞ ለእርስዎ የሚገባው ከየት ይመጣል አልኩት። ውሃው በእጁ መካከል እየፈሰሰ ቆሞ አሰበ። ስለ ክንዷ እንዲህ አላሰበም።

«ከኅዳር ሚካኤል በኋላ እመጣለሁ» አለ። «እጇን ቀጥ አድርጋ ወደ ሰማይ ካነሳች ብረቴን ይዤ እመለሳለሁ። ካላነሳች ግን እግሯን የምትይዝልኝ አንተ ነህ።»

እንግዲህ ጊዜ አገኘን፤ በጊዜው ምን እንደምናደርግበት ግን አናውቅም ነበር። መጀመሪያ ያደረግነው የቆላ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው። የደነደነ ነገር አያምም ብለን፣ በቅሎ እንደሚገራ ክንዷን ልንገራው ተነሳን። ትልልቅ ድንጋይ ለቀምኩላት፤ ገና ሳይነጋ፣ የወንዙ ብርድ ሳይለቅ ትወነጭፍ ጀመር። እኔ ከታች ሆኜ «በርቺ፣ ይለቅሻል» እላለሁ። የለቀቃት እንቅልፏ ነው። በማግስቱ ማማው ላይ ለመውጣት መሰላሉን መያዝ አቃታት፤ እዚያው ሥሩ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ወፎቹ ከላያችን ሲበሉ እየሰማን ነበር።

«በል ተነስና ጩህ እንጂ» አለችኝ በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ስጮህ ስጮህ ዋልኩና ያገኘሁት ሐሳብ ያው የጩኸት ሐሳብ ነው። የሰው ጉሮሮ ይደክማል፤ የማይደክም ነገር ቢጮህስ? ጣሊያኖቹ ካምፕ ጀርባ የሥጋና የቲማቲም ጣሳ ተራራ ሆኖ ተጥሎ አይቻለሁ። ወንዝ ዳር ካለችው ሎሚያችን አንድ ቁና ለቅሜ ወደ ካምፑ ዘበኛ ሄድኩ። እሱ ሎሚ አምሮታል፤ እኔ ቆሻሻ ፈልጌያለሁ። ጣሳው የመንግሥት ንብረት ነው አለኝ። ሎሚውም የቅድስት ማርያም ስለት ነው አልኩት። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ አንዳችን ሌላውን ያሞኘን መስሎን ተሳስቀን ተለያየን። ዛሬ ድረስ ጥሩ ንግድ ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር የምነግረው ያንን ቀን ነው።

ጣሳዎቹን ቀዳድጄ ውስጣቸው ጠጠር ጨመርኩ፤ በቃጫ ገመድ አያይዤ ከማሽላው በላይ ከእንጨት እንጨት ወጠርኳቸው፤ የገመዱን ሁሉ ጫፍ ማማው ላይ ሰበሰብኩት። አንዱን ስትስበው እርሻው በሙሉ ይንኳኳል። እህቴ እጇን ስትዘረጋለት ጮህኩባት። ገመዱን በእጅ መሳብ ማለት ያው ትከሻ ማለት ነው። ገመዱን በእግሯ አውራ ጣት ላይ አሰርኩላት።

ያን ጊዜ ብታያት! ማማው ላይ ድርቆሽ ተነጥፎላት፣ ሱዳኖች ራኩባ የሚሉት ዓይነት የቅጠል ጥላ ተሠርቶላት፣ በጀርባዋ ተኝታ፣ ቀኝ ክንዷ በነጠላ ደረቷ ላይ ታስሮ፣ እግሯን ብቻ እንደ ሕፃን እያወዛወዘች እርሻ ትጠብቃለች። እናቴ ከታች ሆና ወደ ላይ አየችና «የመኳንንት ልጅ አሳደግሁ» አለች፤ የተናደደች ለመምሰል ሞክራ ግን አልሆነላትም።

ጣሳው ሲንኳኳ አንድ ባንዳ ከነጠመንጃው እየሮጠ መጣ። ምን እንደሆነ ሲያይ ጠመንጃውን አስቀምጦ አንዴ ልሳበው አለ። ሳበው። ሁለቴም ሳበው። እሸት ጠበስንለትና ከንፈሩ ጠቁሮ ሄደ፤ ስለ አባቴ መጠየቁን ረስቶት ነበር።

ግሪሳው ብዙውን ጊዜ በጣሳው ይሸሻል፤ የለመደው ቡድን ግን ንቆን ይመጣል። ለእሱ ወንጭፍ ግድ ነበር። እዚህ ላይ ሐሳቡ የእህቴ ነው። የወንዙን ድንጋይ ትተን ጥቁሩን አፈር በውሃ እያቦካን፣ ሎሚ የሚያህል እያድቦለቦልን ፀሐይ ላይ እናደርቀው ጀመር። ቀላል ነው። ሲወነጨፍ ደግሞ ወፉ መካከል ሲደርስ ፈርሶ ይበተናል፤ አንዱ ድንጋይ አንድ ቦታ ሲወድቅ፣ አንዱ ጭቃ በየቦታው ይወድቃል። ክንዷን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት ስላቃታት ከወገቧ ዝቅ ብላ ከጎን መወንጨፍ ተለማመደች። መጀመሪያ ጭቃው ሁሉ መሬት እየሄደ ይፈርስ ነበር፤ ኋላ እግሯ መግፋት፣ ወገቧ መዞር ሲለምድ ክንዷ ተከትሎ የሚሄድ ብቻ ሆነ።

እኔም ሕግ አወጣሁ። ፀሐይ ማማውን ሳታሞቀው ወንጭፍ አይነካም። አንዴ ከተወነጨፈ ይታረፋል፤ ቀጣዩን ጣሳው ይመልሰዋል። ዛሬ ብዙ ከተሠራ ነገ ጣሳ ብቻ። ውሃ መቅዳት የለም፣ እንጨት መፍለጥ የለም፣ ወፍጮ የለም። ሕግ ማውጣት ቀላል ነው፤ ከባዱ እህቴ እንድታከብረው ማድረግ ነው። ልማዷ ሆኖ አህያውን ልትመታ ዱላ ስታነሳ በመካከል እገባለሁ፤ ዱላው እኔ ላይ ያርፋል። በኋላ በኋላ ሆን ብላ ነው የምትመታው ብዬ መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

ከወንዙ ማዶ ሌላ እርሻ አለ። እዚያ የሚጠብቀው ወጣት ወንጭፉም ምላሱም የማያርፍ ነበር። ጣሳው በተንኳኳ ቁጥር ከማዶ ይጣራል።

«እናንተ እዚያ ያላችሁ! ጣሳ ገበያ ወጣችሁ እንዴ? እመቤቲቱ ዛሬም ተኝታ ነው የምትገዛው?»

እህቴ ቀና ሳትል ትመልስለታለች። «አንተ ቆመህ ወፍ ከምትቀልብ እኔ ተኝቼ ባባርር አይሻልም?»

ከኛ የሸሸው ወፍ ሁሉ የሚያርፈው እሱ እርሻ ላይ ስለነበር መልሱ እውነትነት ነበረው። ሰንበትበት ብሎ ጣሳ ከየት እንዳመጣሁ ወንዙ ዳር ወርዶ ጠየቀኝ። ጣሳ የለም አልኩት፤ ሎሚ ግን አለን። ሎሚ ሊወስድ ሲመጣ ግን ሎሚዋ ጋ ሳይሆን ማማው ሥር ነበር የሚቆመው። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም፤ ነጋዴ ሁሉን አያይም።

ሚካኤል አለፈ። ወጌሻው ቃሉን አልረሳም፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ብረቱን በብብቱ ይዞ መጣ። ማማው ሥር ቁጭ አለና ለጤናችን፣ ለከብቱ፣ ለዝናቡ አንድ በአንድ ጠየቀን። ከዚያ እህቴን አቆማት።

«በይ አንሺው እስቲ።»

እህቴ ክንዷን ማንሳት ጀመረች። ጡቷን አለፈ። ትከሻዋን አለፈ። እኔ ሳላውቀው የራሴን ክንድ አብሬ እያነሳሁ ነበር። ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ዘገየ፤ ትንሽ አለፈ፤ ከዚያ ቆመ። ላብ ግንባሯ ላይ ጣል ጣል አለ፤ ክንዷ ግን አልሄደም።

«እዚያ ላይ ነው የተቋጠረው» አለ ወጌሻው፣ እንደ ክፉ ሳይሆን እንደ አዋቂ። እሳት ለኮሰና ብረቱን ከተተው። እናቴ ቅቤ ልታመጣ ገባች፤ ቅቤው በእጇ ሳለ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች፤ ግራ ትከሻዋን በቀኝ እጇ ይዛ ነበር። ወጌሻው ወደኔ ዞረና በአገጩ የእህቴን እግር አሳየኝ። ቃል ቃል ነው። እህቴ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተንበረከክሁ፤ እጄ ግን ወደ እግሯ አልሄድ አለኝ። የብረቱ ሽታ መምጣት ጀምሯል፤ ብረት ሲግል የሚሸት ነገር አለው።

የዝናብ ድምፅ ሰማሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው።

ዞር ስል ከወንዙ በኩል ጭስ የመሰለው ነገር ተነሳ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንዲህ ያለ ብዛት አላየንም፤ ፀሐይዋን ጋረዳት። እናቴ ቅቤውን ጣለችና ድስት ይዛ ሮጠች። እኔ ማማው ላይ ወጥቼ ገመዱን ያዝኩ። ጣሳው ሁሉ ይጮሃል፤ ወፉ ግን ጆሮ የለውም፤ ዛላው ላይ እየተዘረጋ ማረፍ ጀመረ።

ወጌሻው ብድግ አለ። ማሽላው ከጠፋ የእሱም ድርሻ እንደሚጠፋ ትዝ ብሎታል። ማማው ላይ የተንጠለጠለውን ወንጭፍ ነጠቀ፤ የጭቃውን ክምር በንቀት አየው።

«ይሄን የልጅ መጫወቻ ተዉት። እኛ በጉብዝናችን በወንጭፍ ጅብ እናቆም ነበር።»

እህቴ «አባባ፣ መጀመሪያ ክንድዎን ያፍታቱ» አለችው። ማን ሰምቷት! ከቀረው የወንዝ ድንጋይ ትልቁን መረጠ፤ ራሱ ላይ አንዴ አዞረ፣ ሁለቴ አዞረ፣ ሰውነቱን ሁሉ ሰጥቶ ለቀቀው። ድንጋዩ የት እንደደረሰ አላውቅም። የሰማሁት ትከሻው ውስጥ እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚመስል ድምፅ ነው። ወጌሻው ወንጭፉን ጣለና ቀስ ብሎ፣ እንደ ተከበረ እንግዳ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እህቴ ወንጭፉን አነሳችው። ክንዷን እያፍታታች ሄደች፤ አልቸኮለችም። ጭቃ አስገባች፤ ከወገቧ ዝቅ አለች፤ እግሯ ገፋ፣ ወገቧ ዞረ፣ ክንዷ ተከተለ። ጭቃው የጥቁሩ ደመና ሆድ ውስጥ ገብቶ ተበተነ። ደመናው ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛው ጭቃ ሲደርስበት አንድ ላይ ተነሳ፤ ከላያችን ሲያልፍ ነፋሱ ፀጉራችንን ነካው፤ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ከማዶ ያ ወጣት ስማችንን እየጠራ ሲሳደብ ሰማነው። በዚያ ቀን ከዚያ የጣመ ስድብ አልሰማሁም።

ስንመለስ ወጌሻው እዚያው ነበር፤ ቀኝ ክንዱን በግራው አቅፎ። እናቴ ድስቷን አስቀመጠችና እሳቱን አየች።

«አባባ፣ ብረቱ ግሏል» አለች።

«የምን ብረት?»

«የእርስዎ ብረት። ፍም መስሏል።»

ወጌሻው ብረቱን አየው። ረጅም ጊዜ አየው፤ የማያውቀው ሰው ቤቱ የገባ ይመስል።

«ለኔ እንኳ… ትንሽ የሰሊጥ ዘይት ብታሞቂልኝ ይበቃኛል።»

«ደም ቋጥሮ እንደሆነስ?»

«የኔ አልቋጠረም።»

እህቴ ፊቱ ቆመች። ድምፅዋ እንደ ማር ነበር። «እስቲ እጅዎን ቀጥ አድርገው ወደ ሰማይ ያንሱ፣ አባባ።»

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። አባቴ ጫካ ከገባ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማናትም፤ አጎንብሳ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። እኛም ተከተልን። ወጌሻው ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ከንፈሩ አመለጠውና እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ትከሻው ያመዋል፣ ሲያመው ይጮሃል፣ ሲጮህ እኛ ይብስብናል። «ተዉኝ፣ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ተዉኝ» እያለ ይለምነናል።

ብረቱ ላይ ውሃ የደፋው እሱ ራሱ ነው። በግራ እጁ።

ክንዱ እንዲያ ሆኖ መንገድ መሄድ ስላልቻለ እኛ ዘንድ ሰነበተ። ዘይቱን እናቴ እያሞቀች፣ እህቴ እያሸች፣ ሕጉን እኔ እየነገርኩት ማለት ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ መሰላቸትና ማጉረምረም ሲያበዛ ማማው ላይ አወጣነውና አንደኛውን ገመድ የእግሩ ጣት ላይ አሰርንለት። ሽበታም የተከበረ ሰው በጀርባው ተኝቶ ጣሳ ሲያንኳኳ አይተህ ታውቃለህ? ከማዶ ያ ወጣት «እመቤቲቱ ጢም አበቀለች እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ወጌሻው የመለሰለትን ግን በጽሑፍ አላሰፍረውም።

ሲሻለው ሄደ። ብረቱን ረስቶት ነው ወይም ረሳሁት ብሎ ነው፣ እኛ ዘንድ ቀረ፤ እናቴ ለቀጥቃጭ ሰጥታ ማጭድ አሠራችው፤ የዚያን ዓመት ማሽላ የቆረጥነው በእሱ ነው። ሰውየው ከዚያ ወዲያ ለትከሻ ሕመም ዘይትና እረፍት ያዝዝ ጀመር። ይህን መድኃኒት ከአያቱ እንደወረሰው ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አላፈርኩበትም፤ እኔም ብሆን የሌላ ሰው ዕቃ የራሴ ነው ብዬ ሸጬ አውቃለሁ።

አንድ የአጨዳ ቀን ጠዋት እህቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ራሷን ስትሠራ አየኋት። ሁለቱም ክንዶቿ ከራሷ ኋላ ነበሩ፤ ጣቶቿ ሹሩባውን እየገመዱ ይሄዳሉ፤ የጠዋት ፀሐይ ብብቷ ሥር ገብቶ ይወጣል። እናቴ ልትጠራት መጥታ ቆመች። አልጠራቻትም። የእህቴን ራቁት ትከሻ አየችው፤ ምንም የሌለበትን፣ እንደ እሸት ያማረውን። ከዚያ ነጠላውን አንስታ አለበሰቻትና ወደ አውድማው ሄደች።

ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ አባቴም ከጫካ ተመልሶ ቤታችን ሙሉ በሆነ ጊዜ፣ ማዶ ያለው ወጣት ሽማግሌ ላከ። ለካ ሎሚ አይወድም ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወጌሻው ነው፤ ስለ ልጅቷ ጤና ሲጠየቅ ቆም ብሎ አሰበና «ከኔ ትሻላለች» አለ።

ባሏ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በኩል እርሻ ስላገኘ ይዟት ተሻገረ። በየበጋው ትመጣ ነበር፤ ኋላ በየሁለት ዓመቱ፤ ኋላ ልጆቿ ብቻ ይመጡ ነበር። አሁን እዚያው አፈር ለብሳለች። ልጆቿ ሲመጡ ሱቄ ያድራሉ፤ አንደኛዋ ስትስቅ የእናቴን ሳቅ ትስቃለች።

ከባሏ ጋር የተሻገረች ቀን ወንዙ ድረስ ሸኘናት። ውሃው ጎድሎ ግመሉ እስከ ጉልበቱ ብቻ ገብቶ ነው የተሻገረው። እናቴ ማልቀስ ስላልፈለገች ስለ ጭነቱ አስተሳሰር ትጨቃጨቅ ነበር። ግመሉ ማዶ ወጥቶ አቀበቱን ሲይዝ እህቴ ከላዩ ሆና ዞረችና ቀኝ እጇን አነሳች። ሰው ሲሰናበት እንደሚያደርገው አላወዛወዘችውም፤ ቀጥ አድርጋ፣ ክንዷ ጆሮዋን ነክቶ፣ ጣቶቿ ተዘርግተው ወደ ሰማይ አቆመችው። ግመሉ ሲራመድ ሰውነቷ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ክንዷ ግን አልተዛነፈም።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ልማድ ሆኖብኝ «በቃሽ፣ አውርጂው፣ ይደክምሻል!» ብዬ ጮህኩ። ነፋሱ ከማዶ ወደኔ ነበርና አልሰማችኝም፤ ወይም ሰምታኛለች። አቀበቱ ጫፍ ላይ ግመሉ ወረደ፣ እሷም ወረደች፣ ራሷም ጠፋ፤ ከሣሩ በላይ ክንዷ ብቻ ለትንሽ ጊዜ ቆሞ ይታይ ነበር።